ኦቶማቲክ ካምቢዮ ማንሸራተት ሲጀምር፦ በወሎ ዳገት ለሚነዳ የቤተሰብ ሚኒቫን ደረጃ በደረጃ መመሪያ

ኮምቦልቻን ለቃችሁ ወደ ደሴ የሚወስደውን የሐረጎ ዳገት መውጣት ስትጀምሩ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው ግን አይከተልም። ነዳጅ ስትረግጡ የሞተሩ ዙር ብቻ ይወጣል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሁለት ነገር ያደርጋል። መጀመሪያ እንደምንም እየረገጠ ደሴ ይገባል። በማግስቱ ደግሞ ጋራዥ ሄዶ «ካምቢዮው አልቋል፣ ይውረድ» ሲባል እሺ ይላል። ሊድን ይችል የነበረ ካምቢዮ የሚሞተው በእነዚህ ሁለት እርምጃዎች ነው።

ኦቶማቲክ ካምቢዮ ያለ ዕድሜው የሚወድቀው በአብዛኛው በሙቀት፣ ባረጀ ዘይት ወይም በተሳሳተ ዘይት ነው። ሦስቱም አስቀድመው ምልክት ይሰጣሉ። ከታች ያለውን ቅደም ተከተል ጠብቁ። ዘይቱን ሳታዩ አትቀይሩ፣ የመኪናው ኮምፒውተር የመዘገበውን የብልሽት ኮድ ሳታስነብቡ ባትሪ አትንቀሉ። ቀድሞ የተነካካ ነገር በኋላ ምርመራውን ያበላሻል።

ከሁሉ በፊት፦ ካምቢዮአችሁን እወቁ

ሦስት ዓይነት ነው የሚገጥማችሁ። አንደኛው የዘይት መለኪያ ዘንግ ያለው መደበኛ ኦቶማቲክ ነው። ሁለተኛው መደበኛ ኦቶማቲክ ሆኖ መለኪያ ዘንግ የሌለው ነው። ሦስተኛው ሲቪቲ ነው፤ በተለያዩ ማርሾች ፋንታ በቀበቶ የሚሠራ ኦቶማቲክ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ቶዮታ ኖህ ባለ 4 ማርሽ ኦቶማቲክ ይዞ ነበር የመጣው፤ በ2007 የወጣው ሁለተኛው ትውልድ ግን ሲቪቲ ነው። ስለዚህ «ኖህ ነው» ማለት ብቻ አይበቃም።

ሲቪቲ ላይ የማርሽ መቀያየር አይሰማም። ዳገት ላይ ስትረግጡ ዙሩ ቀድሞ ይወጣል፣ ፍጥነቱ ቀስ ብሎ ይከተላል። ይህ ጤነኛ ነው። ሰው ይህንን ማንሸራተት መስሎት ደህናውን ካምቢዮ ያስፈታል። ሲቪቲ ታመመ የምትሉት እግራችሁን ሳታንቀሳቅሱ ዙሩ በድንገት ዘሎ ሲወጣና ሲመለስ፣ መኪናው ሲንቀጠቀጥ፣ ወይም ፉጨት የመሰለ ድምፅ ከፍጥነቱ ጋር እየጨመረ ሲሄድ ነው።

ቀጥሎ የዘይቱን ስም ፈልጉ። መለኪያ ዘንጉ ላይ ወይም የመኪናው መጽሐፍ ላይ ተጽፏል። የቆዩ ቶዮታዎች ቲ-4 ይላሉ፣ አዳዲሶቹ ደብሊው ኤስ። አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። ሆንዳ የራሱ አለው። ሲቪቲ ደግሞ የሲቪቲ ዘይት ብቻ ይፈልጋል፤ መደበኛ የካምቢዮ ዘይት ከገባበት ቀበቶው መያዝ ያቅተዋል። «ቀይ ነው፣ ሁሉም አንድ ነው» የሚላችሁን ሻጭ አትስሙ። እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ በክራይስለር ሚኒቫኖች ላይ የተገጠመው ባለ 4 ማርሽ ካምቢዮ በቶሎ በመውደቅ ስሙ የጠፋው፣ አንዱ ምክንያት የራሱን ዘይት ሲፈልግ ገበያ ላይ ያለው የተለመደ ዘይት ስለተሞላበት ነው።

ስሙን ካገኛችሁ በኋላ አንድ ሊትር ገዝታችሁ መኪናው ውስጥ አስቀምጡ። ከእሱ ጋር ክር የማይተው ንጹህ ጨርቅ፣ ነጭ ወረቀት፣ የእጅ ባትሪና ረጅም አፍንጫ ያለው ማንቆርቆሪያ ያዙ። መንገድ ላይ ትክክለኛው ዘይት አይገኝም። ውጫሌ ወይም መርሳ ላይ ያገኛችሁትን ከመሙላት የራሳችሁ ሊትር ይሻላል።

ደረጃ 1፦ ምልክቱ በታየበት ቅጽበት

የምትፈልጓቸው ምልክቶች እነዚህ ናቸው፦

- ማርሹን ዲ ወይም አር ላይ አድርጋችሁ ከሁለት ሴኮንድ በላይ ሳይዝ ሲቆይ
- ማርሽ ሲቀይር ዙሩ ዘሎ ወጥቶ ከዚያ «ገጭ» ብሎ ሲይዝ
- ከ40 እስከ 60 ኪሎ ሜትር በሰዓት ላይ ሻካራ መንገድ እንደነካ ሲንቀጠቀጥ
- «ኦቨርድራይቭ ኦፍ» (ከፍተኛው ማርሽ ጠፍቷል) የሚለው መብራት ራሱ ብልጭ ድርግም ሲል
- መኪናው አንድ ማርሽ ላይ ተቸክሎ አልነሳ ሲል

አንዱን ካያችሁ ይህን አድርጉ።

1. እግራችሁን ከነዳጁ አንሱ። «ልሞክረው» ብላችሁ አትርገጡ። ማርሹን የሚይዘው የውስጥ ፍሪሲዮን የሚቃጠለው በዚያች ሙከራ ነው።
2. የአየር ማቀዝቀዣውን አጥፉ።
3. ቀጥ ያለ፣ ከኋላ የሚመጣ ሰው የሚያያችሁ ቦታ ፈልጉ። ሐረጎ ላይ መታጠፊያ ውስጥ አትቁሙ። የጭነት መኪናዎች ከላይ ይወርዳሉ። አደጋ መብራቱን አብሩ፣ ሦስት ማዕዘኑን ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ።
4. ስትቆሙ መጀመሪያ የእጅ ፍሬኑን ያዙ፣ ከዚያ ፒ ውስጥ አስገቡ። በዚህ ተራ ከሄዳችሁ የመኪናው ክብደት በፍሬኑ ላይ ያርፋል እንጂ በካምቢዮው መቆለፊያ ላይ አይሰቀልም። ከኋላ ጎማ ሥር ድንጋይ አድርጉ።
5. ተሳፋሪውን አውርዳችሁ ከመንገዱ አርቁ።

ደረጃ 2፦ ማቀዝቀዝ

ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ወዲያው ቁልፉን ያጠፋል። የካምቢዮ ዘይት የሚቀዘቅዘው ሞተሩ ሲሠራ ነው፤ ፓምፑ ዘይቱን ወደ ራዲያተር እየላከ ይመልሰዋል። ሞተሩን ስታጠፉት የጋለው ዘይት ባለበት ይቀራል።

ስለዚህ ኮፈኑን ክፈቱ፣ ሞተሩን በፒ እንደሠራ ተዉት። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ጠብቁ። ከዚያ አጥፉና ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አሳርፉት።

ከሦስቱ አንዱ ከሆነ ግን ወዲያው አጥፉ፦ የሞተሩ ሙቀት መርፌ ቀይ ውስጥ ከገባ ወይም እንፋሎት ከወጣ፣ ከሥር ዘይት እየፈሰሰ ከሆነ፣ ጭስ ከታየ። የራዲያተሩን ክዳን በሙቀቱ አትክፈቱ። ውሃም ካምቢዮው ላይ አታፍስሱ።

ካረፈ በኋላ ማርሹን ዲ ውስጥ አስገብታችሁ ቢይዝ፣ ዘይቱን እስክታዩ ድረስ «ድኗል» አትበሉ። ሲቀዘቅዝ የሚይዝ፣ ሲሞቅ የሚለቅ ካምቢዮ ዘይቱ ያነሰ ወይም ያረጀ ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው ምልክት ስለሆነም በትንሽ ወጪ ለመዳን ጥሩ ዕድል ያለው አሁን ነው።

ደረጃ 3፦ ዘይቱን መለካት

ጠፍጣፋ ቦታ ያስፈልጋል። ደሴ ውስጥ ይህ ራሱ ሥራ ነው፤ ግቢው ሁሉ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። ጠፍጣፋ ሜዳ ያለው ነዳጅ ማደያ ፈልጋችሁ አስፈቅዱ፣ ወይም ወደ ቦሩ ሜዳ ውጡ። ያዘነበለ መኪና ላይ የተነበበ ልኬት ውሸት ነው።

*መለኪያ ዘንግ ላላቸው ቶዮታዎችና ለአብዛኞቹ ሌሎች*

1. መኪናውን 20 ደቂቃ ያህል በቀስታ ንዱት፤ ዘይቱ መሞቅ አለበት። መኪናው የማይነዳ ከሆነ ቀዝቃዛውን ምልክት ተጠቀሙ፣ ግን ግምት መሆኑን አትርሱ።
2. አቁሙ። የእጅ ፍሬን ያዙ። የእግር ፍሬኑን እንደረገጣችሁ ማርሹን ከፒ እስከ ኤል ውሰዱ፤ እያንዳንዱ ላይ 3 ሴኮንድ ቆዩ። ወደ ፒ መልሱ።
3. ሞተሩን ሳታጠፉ ዘንጉን አውጡ፣ ጥረጉ፣ እስከ መጨረሻው አስገቡ፣ እንደገና አውጡ።
4. ሁለቱንም ጎን እዩ። ዝቅ ብሎ ያነበበውን ጎን እመኑ።
5. ዘይቱ «ሆት» በሚለው ሁለት ምልክት መካከል መሆን አለበት።

እዚህ ላይ ሞተሩን አጥፍታችሁ ከለካችሁ ዘይቱ ከላይ ወርዶ ከካምቢዮው ሥር ባለው የዘይት ሳህን ውስጥ ይጠራቀማል። የጎደለው ሙሉ ይመስላችኋል። ብዙ ሰው «ዘይቱ ሙሉ ነው» ብሎ የሚምለው በዚህ ምክንያት ነው።

*ሆንዳ ኦዲሲ ላይ ግን ተቃራኒው ነው*

ሞተሩን ካሞቃችሁ በኋላ አጥፉ። ከ60 እስከ 90 ሴኮንድ ባለው ጊዜ ውስጥ አውጥታችሁ አንብቡ። ሞተሩ እየሠራ አትለኩት።

*መለኪያ ዘንግ የሌለው ከሆነ*

በራሳችሁ አትለኩ። በነዚህ ካምቢዮዎች ልኬቱ የሚነበበው ዘይቱ የተወሰነ ሙቀት ላይ ሲደርስ ከሥር ያለውን የልኬት ታፖ (መክደኛ ብሎን) ከፍቶ፣ በቀጭኑ ሲንጠባጠብ በማየት ነው። ለብዙ ቶዮታዎች ሙቀቱ ከ35 እስከ 45 ዲግሪ ነው። ሙቀቱን የሚያሳየው የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነበው መሣሪያ፣ ስካነሩ፣ ስለሆነ ስካነር የሌለው ጋራዥ ይህን ሥራ በትክክል ሊሠራው አይችልም። መኪናውን ከማስገባታችሁ በፊት «የካምቢዮ ዘይት ሙቀት በስካነር ታነባላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። «በእጅ ይታወቃል» ከተባላችሁ አመስግናችሁ ውጡ።

*ጎድሎ ከተገኘ*

በአንድ ጊዜ ከሩብ ሊትር በላይ አትጨምሩ። ጨምሩ፣ ማርሹን አዟዙሩ፣ ለኩ፣ ጨምሩ። ከመጠን ያለፈ ዘይት በሚሽከረከሩት ክፍሎች ተመትቶ አረፋ ይሠራል፤ አረፋ ደግሞ ግፊት አይይዝም፣ ስለዚህ ልክ እንደጎደለው ያንሸራትታል። ካለፈባችሁ በመለኪያው ጉሮሮ ቀጭን ቱቦ አስገብታችሁ በትልቅ መርፌ ስቡት። በአፍ አትሳቡ።

የካምቢዮ ዘይት ተቃጥሎ ወይም ተንኖ አያልቅም። ከጎደለ ፈሷል ማለት ነው። ማታ ከሥር ካርቶን አንጥፋችሁ ጠዋት እዩ። ጠብታውን በሁለት ጣት እሹት። ዘይት ያንሸራትታል፣ ይቀባል። የራዲያተር ውሃ እንደደረቀ ያጣብቃል፤ የቶዮታው ውሃም ቀይ ወይም ሮዝ ስለሆነ በቀለሙ ብቻ አትፍረዱ። አትቅመሱት፣ መርዝ ነው። ጠብታው ከፊት በራዲያተሩ በኩል ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የዘይት ማቀዝቀዣው ቱቦ ነው፤ እሱ ርካሽ ጥገና ነው። በጎማው አክስል በኩል ከሆነ የዘይት ማገጃው ጎማ ነው።

ደረጃ 4፦ ዘይቱን ማንበብ

ከዘንጉ አንድ ጠብታ ነጭ ወረቀት ላይ ጣሉ። ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። አሽትቱትም።

ቀይ ሆኖ ሰፋ ብሎ ከተሰራጨ ዘይቱ ደህና ነው። ችግሩን ሌላ ቦታ ፈልጉ፤ ወደ ደረጃ 5 ሂዱ።

ቡናማ ሆኖ ሽታው ካልተቀየረ አርጅቷል። መቀየር ያድነዋል።

ጥቁር ሆኖ መሃል ላይ ተሰብስቦ ከቀረና የተቃጠለ ከሸተተ የውስጥ ፍሪሲዮኑ ነድዷል። እያንሸራተተም ከሆነ አዲስ ዘይት ያለቀ ፍሪሲዮን አይመልስም። ዘይት ላይ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ደረጃ 6ን ጨርሱ።

ወተት የገባበት ሻይ ከመሰለ የራዲያተር ውሃ ወደ ካምቢዮው ገብቷል። መኪናውን ወዲያው አጥፉ፣ አትንዱት፣ በመኪና አስጎትቱት። በራዲያተሩ ውስጥ ያለው የዘይት ማቀዝቀዣ ተበስቷል ማለት ነው። ራዲያተሩ ሳይቀየር ካምቢዮውን ማሠራት ገንዘብ መጣል ነው።

በባትሪ ብርሃን የሚያብለጨልጭ ብናኝ ካያችሁ ብረት እየተፋቀ ነው።

ደረጃ 5፦ ካምቢዮ መስለው የሚያታልሉ

ካምቢዮ ከማስወረዳችሁ በፊት እነዚህን አስፈትሹ። አብዛኞቹ ከሰዓት በላይ አይወስዱም።

*ባትሪና ዲናሞ።* የካምቢዮው ኮምፒውተርና ቫልቮች በኤሌክትሪክ ነው የሚሠሩት። ቮልቴጅ ሲወርድ ማርሽ ይመታል፣ ወይም መኪናው አንድ ማርሽ ላይ ይቸከላል። ሞተር ጠፍቶ ከ12.4 ቮልት በላይ፣ ሞተር እየሠራ ከ13.5 እስከ 14.5 መሆን አለበት።

*የሞተር ሱፖርቶ።* ሱፖርቶ፣ ማለትም ሞተሩን ደግፎ የሚይዘው ጎማ፣ ሲሰበር ዲ ወይም አር ውስጥ ስታስገቡ «ገጭ» ይላል። አንድ ሰው ኮፈኑን ከፍቶ ከጎን ቆሞ ይመልከት፤ እናንተ ፍሬን ረግጣችሁ ከዲ ወደ አር ለውጡ። ሞተሩ ዘሎ ከተነሳ ችግሩ ሱፖርቶው ነው። የሚያየው ሰው ከመኪናው ፊት አይቁም።

*ካንዴላና ኮይል።* አንድ ሲሊንደር ሲስት መኪናው በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይንቀጠቀጣል። ይህ ከካምቢዮ መንቀጥቀጥ ጋር በጣም ይምታታል።

*የሚያዝ ፍሬን።* ከተነዳ በኋላ ጎማዎቹ አጠገብ እጃችሁን ሳትነኩ አቅርቡ። አንዱ ከሌሎቹ በጣም ከጋለ ፍሬኑ አልለቀቀም። መኪናው ዳገት የሚከብደው በዚህም ነው።

*የማርሽ ገመድ።* ማርሹ ዲ ላይ ነው እያለ ዳሽቦርዱ ሌላ ካሳየ ወይም በመካከል ካመነታ ገመዱ ላልቷል።

ደሴ ላይ ደግሞ አንድ ነገር ተጨማሪ አስቡ። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ነው፣ ደሴ 2,500 ገደማ። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አራተኛ ያህል ያጣል። መኪናው ሐረጎ ላይ ስለደከመ ብቻ ካምቢዮውን አትክሰሱ። የደከመ ሞተር ዙሩ አይዘልም። ልዩነቱ እሱ ነው።

ደረጃ 6፦ ኮዱን ማስነበብ

ባትሪ ሳትነቅሉ ስካነር ወዳለው ጋራዥ ውሰዱት። ኮዱን ጽፋችሁ ያዙ ወይም ስክሪኑን በስልካችሁ አንሱ። «አጠፋሁልህ፣ አሁን ሰላም ነው» ማለት ጥገና አይደለም። ኮዱ ከጠፋ በኋላ በጥቂት ቀን ተመልሶ ከመጣ ያ ራሱ መረጃ ነው።

ኮዱ የአንድ ሶሌኖይድ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ቫልቭ) ወይም የፍጥነት ሴንሰር ከሆነ፣ ዘይቱም ደህና ከሆነ፣ ካምቢዮው ሳይወርድ የሚለወጥ ዕቃ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ግን ሶኬቱንና ሽቦውን ያስፈትሹ። ጭቃና ዝናብ በበዛበት ክረምት ሶኬት ዝጎ ወይም ውሃ ገብቶበት ሊገኝ ይችላል። ኮዱ ማርሹ በሚገባው ልክ እንደማይዝ የሚናገር ሆኖ ዘይቱም ጥቁር ከሆነ ወደ ደረጃ 9 ዝለሉ።

ደረጃ 7፦ ዘይት መቀየር

ይህ ለቡናማ ዘይትና ገና ለጀመረ ችግር ነው። መለኪያ ዘንግ ላለው መኪና ራሳችሁ ልትሠሩት ትችላላችሁ። ለሌላው ጋራዥ ቆማችሁ አሠሩ፤ ቅደም ተከተሉን ግን እወቁት።

*ማስጠንቀቂያ፦* በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር አትግቡ። ካቫሌቶ (ክብደቱን የሚይዝ የብረት መቆሚያ) አድርጉ፣ ጎማ ሥር ድንጋይ አድርጉ፣ መሬቱ ጠንካራ ይሁን። መኪናውን ከመግባታችሁ በፊት በእጃችሁ ነቅንቁት። ዘይቱ ለብ ይበል እንጂ አይፋጅ።

1. መጀመሪያ የመሙያውን ቦታ ፈትታችሁ አረጋግጡ። ሆንዳ ላይ የመሙያው ታፖ አንዳንዴ አልፈታም ይላል። ዘይቱን ካፈሰሳችሁ በኋላ ይህ ከገጠማችሁ መኪናው ባለበት ይቀራል።
2. ትክክለኛውን ታፖ ለዩ። የሞተሩን ዘይት ታፖ ፈትቶ፣ ካምቢዮው ላይ ደግሞ የሞተር ዘይት የሚጨምር ሰው አለ። ጥርጥር ካላችሁ ታፖውን ትንሽ አላሉና የመጀመሪያውን ጠብታ እዩ።
3. ንጹህ ጀሪካን ወይም ሳህን አድርጋችሁ አፍስሱ። የወጣውን በሊትር ለኩና ጻፉ። ይህን ከዘለላችሁ፣ በኋላ የምትሞሉት በግምት ይሆናል።
4. የካምቢዮው የዘይት ሳህን የሚወርድ ከሆነ ብሎኖቹን ከአንድ ጎን ጀምራችሁ አላሉ፤ በዚያ በኩል ዝቅ ብሎ የቀረው ይፈስሳል። ሆንዳ ላይ የሚወርድ ሳህን የለም፣ በታፖው ብቻ ነው።
5. ሳህኑ ውስጥ ያለውን ማግኔት አውጡ። ላዩ ላይ ያለውን በጣታችሁ እሹት። ለስላሳ ግራጫ ልጥፍ ከሆነ የተለመደ ነው፣ ጠርጋችሁ መልሱት። የሚወጋ ስንጥር ወይም የጥርስ ስባሪ ከወጣ እዚያው ቁሙ፤ ፎቶ አንሱና ወደ ደረጃ 9 ሂዱ።
6. ፊልትሮውን ቀይሩ። አሮጌው የላስቲክ ቀለበት ላይ ተጣብቆ እንዳይቀር እዩ። ሁለት ቀለበት ከተደራረበ ፓምፑ አየር ይስባል፣ መኪናውም ከበፊቱ ይብሳል።
7. የሳህኑን ጠርዝ አጽድታችሁ አዲስ ጓርኒሲዮን አድርጉ። ሲሊኮን አትቀቡ፣ መጽሐፉ ካላዘዘ በቀር። ትርፉ ተቆርጦ ፊልትሮውን ይዘጋል።
8. ብሎኖቹን በመስቀል ተራ አጥብቁ። ትንንሽ ናቸው፤ ለብዙዎቹ 7 ወይም 8 ኒውተን ሜትር ይበቃል። በረጅም ቁልፍ ከተጎተተ የአሉሚኒየሙ ጥርስ ይበላል።
9. የታፖውን ሮንዴላ ቀይሩ፣ ዝጉ፣ የወጣውን ያህል ሙሉ።
10. ሞተሩን አስነሱ፣ ፍሬን ረግጣችሁ ማርሹን አዟዙሩ፣ በደረጃ 3 እንደተባለው ለኩ።

በዚህ መንገድ የሚወጣው ከጠቅላላው ዘይት ከሲሶ እስከ ግማሽ ያህሉ ብቻ ነው። ቀሪው ማቀዝቀዣውና ኮንቨርተሩ (የሞተሩን ጉልበት በዘይት ወደ ካምቢዮው የሚያስተላልፈው ክፍል) ውስጥ ነው። ስለዚህ ከ500 እስከ 1,000 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ ድገሙት፤ ካስፈለገ ለሦስተኛ ጊዜ። «በማሽን በግፊት እናጥበዋለን» ቢሏችሁ፣ ያረጀና ለረጅም ጊዜ ያልተቀየረ ካምቢዮ ላይ እኔ አላደርገውም። የተቀመጠው ቆሻሻ ተነስቶ የቫልቮቹ ቀዳዳ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ማንሸራተት ያቆማል የሚባል ጠርሙስ መድኃኒትም አትጨምሩ። ለጥቂት ሳምንት ምልክቱን ይደብቃል፣ እናንተም የማዳኛውን ጊዜ ታጣላችሁ።

አሮጌውን ዘይት ወደ ቦርከና በሚወርድ ቦይ ውስጥ አትድፉ። በጀሪካን ዘግታችሁ አሮጌ ዘይት ለሚሰበስብ ጋራዥ ስጡት።

*ከቀየራችሁ በኋላ ጭራሽ ካልያዘ* አትደንግጡ፣ አትርገጡም። መጀመሪያ ልኬቱን እዩ። ከዚያ የዘይቱን ስም ከዕቃው ላይ አንብቡ። ከዚያ ፊልትሮው በትክክል መግባቱን። ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ ከሦስቱ በአንዱ ነው።

ደረጃ 8፦ ሙከራ

ባዶውን መኪና ይዛችሁ ቀጥ ባለ መንገድ ሞክሩ። ከኮምቦልቻ ወደ ሐርቡ ያለው መንገድ ለዚህ ከሐረጎ ይሻላል። በቀስታ ነዳጅ እየሰጣችሁ ሁሉንም ማርሽ እስኪቀይር ንዱት፣ ቁሙ፣ ድገሙ። ከሞቀ በኋላ ዘይቱን እንደገና ለኩ፣ ከሥር እዩ። ከዚያ ብቻ ወደ ዳገቱ ውጡ፣ አሁንም ባዶውን።

ፍሬንና ነዳጅ አንድ ላይ እስከ መጨረሻው ረግጦ «ጉልበቱን ልይ» የሚል መካኒክ ካለ አስቁሙት። በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ ዘይቱን ያፈላል። ሲቪቲ ላይ ከቶ አይደረግም።

ደረጃ 9፦ መውረዱ ግድ ከሆነ

*ማስጎተት።* የፊት ጎማ የሚነዳው ሚኒቫን የፊት ጎማዎቹ ተነስተው ወይም ሙሉ በሙሉ ተጭኖ ይሂድ። አራቱም የሚነዱ ከሆነ አራቱም ከመሬት ይነሱ። በገመድ አስራችሁ ጎማዎቹ እየተሽከረከሩ አትጎትቱ። ሞተሩ ጠፍቶ ስለሆነ ፓምፑ አይሠራም፣ ውስጡ ያለ ዘይት ይፋጫል። ሐረጎን በገመድ መውረድ ደግሞ ለሰውም አደጋ ነው።

*ጋራዥ ላይ።* ከመፈታቱ በፊት ስምምነቱን በጽሑፍ አድርጉ፦ ምን ይቀየራል፣ ዕቃውን ማን ይገዛል፣ ስንት ጊዜ ዋስትና አለው። ሳህኑ ሲከፈት እናንተ ባላችሁበት ይሁን። አሮጌዎቹን ዕቃዎች እንደምትወስዱ አስቀድማችሁ ተናገሩ። «ወንድሜ፣ እምነት አጥቼ አይደለም፣ ለራሴ ማየት ስለምፈልግ ነው» በሉ። ደህና ባለሙያ አይቀየምም።

*ያገለገለ ካምቢዮ ከሆነ።* መለያ ኮዱ መኪናችሁ በር ምሰሶ ላይ ካለው የመለያ ሰሌዳ ጋር ይመሳሰል። የሞተር ስም አንድ ስለሆነ ብቻ አይገጥምም። ከመገዛቱ በፊት በዘይቱ ላይ የደረጃ 4ን ሙከራ አድርጉበት። አሜሪካ ገበያ ላይ ከ1999 እስከ 2004 (እ.ኤ.አ.) ከተሸጡት ሆንዳ ኦዲሲዎች የወረደ ከሆነ በጣም ተጠንቀቁ። ያ ትውልድ በካምቢዮ ችግር ይታወቃል፤ በ2004 አምራቹ ራሱ ከ2002 እስከ 2004 የተሠሩትን ለካምቢዮ ፍተሻ ጠርቷቸዋል።

ሲገጠም ሁለት ነገር ራሳችሁ ጠይቁ። አንደኛ፣ የማቀዝቀዣው ቱቦና ራዲያተር ታጥቧል ወይ? አሮጌው ብናኝ እዚያ ተቀምጦ አዲሱን ይገድለዋል። ሁለተኛ፣ ኮንቨርተሩ ካምቢዮው ላይ እስከ መጨረሻው ገብቷል ወይ? ሳይገባ ብሎን ከተሳበ ፓምፑ ገና ሞተሩ ሳይነሳ ይሰበራል።

ከጥገና በኋላ፦ ዳገትና ቁልቁለት

ረጅም ዳገት ላይ ኦቨርድራይቭን አጥፉ፣ ወይም ወደ 2 ወይም ኤል ውረዱ። ከፍ ባለ ማርሽ ቀስ እያለ የሚወጣ መኪና ኮንቨርተሩ ውስጥ ዘይት እየቀዘፈ ሙቀት ይፈጥራል። ማርሹ ሦስትና አራት መካከል እየተመላለሰ ካስቸገራችሁ ዝቅ አድርጉት፤ ሞተሩ ትንሽ ይጩኽ።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስትወርዱ ነዳጅ ለመቆጠብ በፍሪ አትውረዱ። ሞተሩ ከጠፋ መሪውም ፍሬኑም ይከብዳል። ዝቅ ባለ ማርሽ ውረዱ፤ ፍሬናችሁም ይተርፋል።

ሰባት ሰው የሚይዝ መኪና ላይ አሥር ሰው አሳፍራችሁ፣ ፖርቶመጋላ ላይ ሁለት ኩንታል ጤፍ ጭናችሁ ከወልድያ ወደ ድልብ አትውጡ። ጤፉን በጭነት መኪና ላኩት።

የግሸን ጉዞ ላይ ዳገቱ ሳይጀምር አንድ ጊዜ ቁሙ፣ ዘይቱን ለኩ፣ መኪናውን አሳርፉ። የካምቢዮው መብራት ከበራ በሰው ግፊት ለመጨረስ አትሞክሩ። ተሳፋሪውን አውርዱ፣ መኪናውን ጥግ አስይዙና ከደረጃ 2 ጀምሩ።